ለአዲስ ኩባንያ የሚዘልቅ ስም አመራረጥ፦ ከጎጃም ለሚነሡ መሥራቾች የቀረበ መመሪያ

በባሕር ዳር አውራ ጎዳናዎች ላይ የተሰቀሉ የንግድ ሰሌዳዎችን እያነበበ የሚሄድ ሰው ጣና፣ ዓባይ፣ ግዮንና ጢስ ዓባይ ከሚሉ ስሞች ጋር ደጋግሞ ይገናኛል። ሆቴሉም ጣና፣ ጋራዡም ጣና፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩም ጣና ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዘልቁ ጮቄና ጎዛምን፣ ወደ እንጅባራ ሲሻገሩ ዘንገና፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሲደርሱ ደግሞ ዳሞት ይተካል። ሰው በተወለደበት ምድር መኩራቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስም የሚሰጠው ለመለየት ነው፤ ደንበኛ ስምዎን ሰምቶ «የትኛው ጣና?» ብሎ ከጠየቀ ስሙ ገና ሥራውን አልጀመረም።

ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። የጎጃም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ድንችና ማር አብዛኛው ስም በሌለው ጆንያ ተጭኖ ዓባይ በረሃን ይሻገራል። ስም የሚያገኘው ማዶ ሲደርስ ነው፤ ስሙ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። አሁን ግን ከቡሬ እስከ መርዓዊ ማበጠር፣ ማቀነባበርና ማሸግ የሚጀምሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። ለማሽንና ለብድር ወራት ሲሯሯጡ የከረሙት ሰዎች ስሙን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቅጽ ሊሞሉ ወረፋ ላይ ቆመው ሲመርጡት ማየት ያሳዝናል። ማሽን ይለወጣል፣ መጋዘን ይቀየራል። ስም ግን ሰሌዳው፣ ማኅተሙ፣ ደረሰኙ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ከረጢቱና የደንበኛው ትውስታ ላይ ሁሉ ስለሚያርፍ መልሶ መንቀሉ ከባድ ነው።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አምስት ሰዎች ቢቸና አካባቢ ጤፍ ከገበሬ ገዝተው፣ አበጥረው፣ አስፈጭተውና አሽገው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ኩባንያ ሊያቋቁሙ ነው እንበል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ከእነርሱ ጋር እንሄድባቸዋለን።

1. ከስሙ በፊት የኩባንያውን መንገድ ይጻፉ

መሥራቾቹ አንድ ወረቀት ይዘው ይቀመጡና ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይጻፉ። ዛሬ የምንሸጠው ምንድን ነው? ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ልንሸጥ እንችላለን? ማን ነው የሚገዛን፣ የትስ ሆኖ? ከእኛ አንዱ ቢወጣ፣ ቢሞት ወይም ድርሻውን ቢሸጥ ኩባንያው ይቀጥላል ወይ?

ይህን ሳይጽፉ ስም መፈለግ የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዛሬ መጋዘናቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ ስም ያደርጉታል። የእኛ አምስት ሰዎችም መጀመሪያ አፋቸው ላይ የመጣው «ቢቸና ጤፍ ዱቄት» ነበር እንበል። ጥሩ ዓመት ሆኖ በሦስተኛው ዓመት ሽሮና በርበሬ ቢጨምሩስ? ጤፉን ከእነማይና ከእነብሴ ብቻ ሳይሆን ከአዴት ቢያመጡስ? ስሙ ራሱ ይቃረናቸዋል።

ኖኪያን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1865 በፊንላንድ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሆኖ ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው ኋላ ከተስፋፋበት ትንሽ ከተማ ነው። ከወረቀት ወደ ጎማ፣ ወደ ኬብል፣ በመጨረሻም ወደ ሞባይል ስልክ ሲሻገር ስሙን መለወጥ አላስፈለገውም፤ ስሙ ውስጥ «ወረቀት» የሚል አልነበረምና። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1946 ቶኪዮ ውስጥ የተቋቋመው ኩባንያ ስሙ ቶኪዮ ፁሺን ኮግዮ ነበር፤ ከተማውንም ሥራውንም የሚናገር ረጅም ስም። ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ ስሙ አላራምድ ስላለው እ.ኤ.አ. በ1958 ሶኒ ተባለ።

2. ከአምስት ምንጭ ስም ይሰብስቡ

አንድ ስም ይዞ ስለ እርሱ ብቻ መከራከር ጓደኝነትን ያጋጫል። ሁሉም ለየብቻው ጽፎ ይምጣ፤ በአንድነት ሠላሳ አርባ ስም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ምንጮቹን ለይቶ መፈለግ ደግሞ ያለፉትን ያስታውሳል።

የሰው ስም። ብዙ የተከበረ ንግድ በባለቤቱ ስም ቆሟል፤ ደንበኛም ፊቱን በሚያውቀው ሰው ይተማመናል። ለግል ሱቅ ወይም ለአንድ ባለሙያ ሥራ ይህ ምንም ክፋት የለውም። ማኅበር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ከአምስቱ የአንዱን ስም ከያዘ አራቱ ቅር ይላቸዋል፤ ሰውየው ሲወጣ ስሙን ይዞ ልውጣ ይላል፤ ልጆቹ ሲወርሱ ስሙ ውርስ ነው ወይስ የማኅበሩ ንብረት የሚል ክርክር ይነሣል። ሌላም አለ። የእኛ ስሞች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ከሥራው ስም ጋር ሲጣመሩ ያልታሰበ ነገር ይናገራሉ። «ዘገየ ትራንስፖርት» ብሎ ሰሌዳ የሰቀለ ሰው መኪናው በሰዓቱ ቢደርስም ስሙ ይከሰዋል። «ተረፈ ምግብ ቤት» የሚለውንም የተራበ መንገደኛ ሲያነበው ምን እንደሚሰማው ያስቡ። ሞላ የሚባል ሰው ግን ነዳጅ ማደያ ቢከፍት ስሙን መጠቀሙ ያምርበታል።

የቦታ ስም። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ከላይ ብያለሁ። ዓባይ ባንክ በ2003 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን ስም ይዞ ገበያውን ችሎታል፤ ግን በብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች፣ በቅርንጫፎችና በማስታወቂያ አቅም ነው ስሙን የራሱ ያስመሰለው። አምስት ሰው ያዋጣው ካፒታል ያንን አይችልም። የቦታ ስም ካስፈለገ ብዙ ሰው ያልነካውን መፈለግ ይሻላል፦ ትንሽ ወንዝ፣ የተረሳ የገበያ ስም፣ እንደ መንቆረር ያለ የቀድሞ ስም። ደብረ ማርቆስ የዛሬ ስሟን ከማግኘቷ በፊት መንቆረር ትባል እንደነበር የከተማው ሰው ያውቃል፤ ስሙን ሲሰማም ልቡ ይሞቃል። መንቆረርንም ቢሆን ሌሎች ቀድመው ይዘውት እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ማጣራት ግድ ነው።

የጀግና፣ የንጉሥ ወይም የታቦት ስም ግን አልመክርም። የበላይ ዘለቀ ስም የሁላችን ነው፤ ንግድዎ አንድ ቀን ከገዢ ጋር ቢካሰስ የእርሳቸው ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ከዕዳ ጎን ይጻፋል። የቅዱሳንን ስም የያዘ ድርጅትም አንድ ቀን መጠጥ የሚሸጥበት ወይም ዕቃው የሚታገድበት ሁኔታ ሊመጣ ይችላል። ፍቅሩን በሌላ መንገድ መግለጽ ይቻላል።

የሥራው ቃል። «ማኛ» ጥሩ ነጭ ጤፍ ነው፤ «ሰርገኛ» ድብልቁ ነው። እነዚህ ቃላት የሁሉም ጤፍ ነጋዴ ናቸው። አንድ ሰው ለብቻው ላድርጋቸው ቢል ሕጉም አይፈቅድለትም፤ የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚናገር ቃል በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። በሥራው ዙሪያ ያሉ፣ ዕቃውን በቀጥታ የማይጠሩ ቃላት ግን ሀብት ናቸው። የእኛ አምስት ሰዎች ወደ አውድማ ሄደው ነዶ፣ ክምር፣ መንሽ፣ ላይዳ፣ ጎተራ የሚሉትን ይዘው መጡ። እኔ ከሁሉም ምንጭ ይህንን እመርጣለሁ። ቃሉ የእኛ ነው፣ ሥዕል አለው፣ ንግድ ላይ ገና ብዙ አልተነካም።

ግእዝና የቆየ አማርኛ። ጎጃም በቅኔ ቤቶቹ፣ በዋሸራና በጎንጅ የተነሣ የግእዝ ሀብታም ነው። አንድ የቅኔ መምህር ጋ ሄዶ ግማሽ ቀን መቀመጥ የማስታወቂያ ድርጅት ከሚሰጠው ምክር የሚበልጥ ነገር ሊያስገኝ ይችላል። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ትርጉሙ ካልተነገረ የማይገባ፣ አምስትና ስድስት ፊደል ያለው ቃል ገበያ ላይ ይከብዳል።

የተፈጠረ ቃልና ምሕጻር። የካሜራና የፎቶ ፊልም አምራቹ የኮዳክ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1888 ያስመዘገበው ቃል በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ አጭርና ጠንካራ ድምፅ ስለነበረው ብቻ ተመረጠ። ይህ ይቻላል፤ ግን ትርጉም የሌለውን ቃል ሰው አእምሮ ውስጥ ለማስገባት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ምሕጻርም እንዲሁ ነው። አብቁተን (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን) ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ተቋሙ በየቀበሌው ዓመታት ስለሠራ ነው፤ ወደ ባንክ ሲያድግ እርሱም ቢሆን ፀደይ የሚል ሙሉ ቃል መርጧል። የልጆችን የመጀመሪያ ፊደል ገጣጥሞ የተሠራ ስም ለቤተሰቡ ደስ ይላል፤ ለደንበኛው ግን ምንም አይነግረውም።

«ግሎባል»፣ «ሮያል»፣ «ኢንተርናሽናል» የሚሉትን ቢተዉ ጥሩ ነው። ዘመናዊ ያስመስላሉ ተብለው ይመረጣሉ፤ በየከተማው ግን ሞልተዋል።

3. በአፍና በጆሮ ይፈትኑት

ከተሰበሰበው ውስጥ ስምንት ወይም ዐሥር የሚሆኑትን ያስቀሩ። ቀጥሎ ስሙ ወረቀት ላይ ሳይሆን አፍ ላይ ይፈተን።

አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ የጭነት መኪና እየተራገፈ፣ ወዛደሮች እየተጯጯሁ ስልክ ሲያነሣ ምን እንደሚሰማ ያስቡ። ሌላ ከተማ ላለ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ይደውሉና ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩት። ከዚያ የሰማውን ጽፎ በስልክ መልእክት እንዲልክልዎ ይጠይቁት። ይህን ቢያንስ ለተለያዩ ዐሥር ሰዎች ያድርጉ፦ ለአንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ ለአክስትዎ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። አብዛኞቹ በትክክል ከጻፉት ስሙ አለፈ። ግማሾቹ ሌላ ነገር ከጻፉ፣ ምንም ያህል ቢወዱት ይጣሉት።

በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጠው አማዞን መጀመሪያ ካዳብራ ይባል ነበር። ጠበቃው ስሙን ሲነገረው በእንግሊዝኛ «ሬሳ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ብሎ ሰማው፤ መሥራቹም ስሙን ለወጠ። አንድ ጆሮ የሰማውን ሺህ ጆሮ ሊሰማው ይችላል።

የእኛዎቹ «ላይዳ» ሲሉ ሁለት ሦስት ሰው «ላዳ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሰማያዊዋ ታክሲ በሁሉም አእምሮ ውስጥ አለችና። ይህ ድክመት ነው፤ ግን የሚገድል አይደለም። «ላይዳ፣ እህል እንደሚበጠርበት» የሚል አንድ ሐረግ ያስተካክለዋል። «አውድማ» ግን ጠንከር ብሎ ይሰማል፣ ማንም አይሳሳተውም። ሁለቱም ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ዕድሜና ቋንቋም አይዘንጋ። ወደ እንጅባራና ዳንግላ የሚሸጡ ከሆነ አውኚ የሚናገር ሰው ስሙን ይስማው። በቡሬ በኩል ወደ ነቀምት የሚወርድ ገበያ ካለ ኦሮምኛ ተናጋሪ ይስማው። በእርስዎ ጆሮ ያማረ ቃል በሌላው ቋንቋ ስድብ ወይም ነውር ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ከመስማት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

4. ወርቁን ይፈልጉ

ይህ ደረጃ በሌላ ሀገር መመሪያ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ለጎጃም ግን ግዴታ ነው። እዚህ ሰው ሰሙን ሰምቶ አይመለስም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ስምዎ ተሰንጥቆ፣ ጠብቆ ወይም ላልቶ ሌላ ነገር የሚናገር ከሆነ የመጀመሪያው ቀልደኛ ያገኘዋል፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ገበያው ሁሉ ያወራዋል።

«ነዶ»ን እንውሰድ። ደ ሲላላ የታሰረ የእህል ክምችት ነው፤ ጤፍ ሲታጨድ የምናየው። ውብ ቃል ነው፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ ገበሬውም ከተሜውም ያውቀዋል። ደ ሲጠብቅ ግን «ተቃጥሎ» ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ ሰሌዳው ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ነዶ እህል ማከማቻ» የሚል መጋዘን በር ላይ የቆመ የኢንሹራንስ ወኪል ምን እንደሚያነብ መገመት አያዳግትም። በጣም እየሳሳሁለት «ነዶ»ን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።

ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፦ አንድ ቅኔ የተማረ፣ አንድ ጨዋታ አዋቂ፣ አንድ እርስዎን የማይወድድ። ሦስተኛው ከሁሉም ይጠቅማል። ስሙን ይስጧቸውና «በዚህ ስም ብትሰድቡኝ ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። ስሙን ከሥራው ስም ጋር አጣምረው ያንብቡት፤ ከ«አክሲዮን ማኅበር» ጋር፣ ከ«ተዘጋ» ጋር፣ ከ«ዕዳ» ጋር። ያለፈው ስም ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነገር ይችላል ማለት ነው።

5. በሁለት ፊደል ይጻፉት

በራሳችን ፊደል ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አንድ ድምፅ ሆነው በተለያየ መልክ ይጻፋሉ። ስምዎ ከእነዚህ አንዱን ከያዘ ዓባይና አባይ፣ ፀደይና ጸደይ እየተባለ በደረሰኝ፣ በውልና በቼክ ላይ ሊለያይ ነው። ባንክ ደግሞ የተለያየ ስም የተጻፈበትን ቼክ ላለመክፈል በቂ ምክንያት አለው። ከተቻለ እነዚህን ፊደላት የማይነካ ስም ይምረጡ፤ ካልተቻለ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ አድርገው ለሠራተኛው ሁሉ ይስጡ።

የላቲኑ ፊደል ሌላ ፈተና ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ፣ የድረ ገጹ አድራሻ፣ የቴሌግራም መለያው፣ የውጭ ገዢ ጋር የሚደረገው ውል ላቲን ይፈልጋሉ። ጮቄ ጎጃምን ሁሉ ውኃ የሚያጠጣ ተራራ ነው፤ ስሙም ግርማ አለው። በላቲን በተለመደው መንገድ ሲጻፍ ግን እንግሊዝኛ አንባቢ «ቾክ» ብሎ ያነበዋል፤ ትርጉሙም መታነቅ ነው። ምግብ አሽጎ ለውጭ ገበያ ሊልክ ለሚያስብ ድርጅት ከዚህ የከፋ ስም የለም። ለአገር ውስጥ አስጎብኚ ወይም ለችግኝ ጣቢያ ቢሆን ግን ችግር የለበትም። ስም ክፉና ደግ የሚሆነው ከሥራው ጋር ሲታይ ነው።

ቀ በላቲን በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ጸ በሦስት አራት መንገድ ይጻፋል፤ ጨና ቸ አይለዩም። ጣና፣ ዳሞት፣ ላይዳ የሚመስሉት ግን ሳይጎዱ ይሻገራሉ። «አውድማ»ን አምስት ሰው በላቲን እንዲጽፍ ቢጠይቁ አምስት መልክ ሊያገኙ ይችላሉ። የእኛ አምስት መሥራቾች እዚህ ላይ «አውድማ»ን ያስቀምጡትና «ላይዳ»ን ይዘው ይቀጥላሉ።

በሁለት ቋንቋ ሁለት ስም መያዝን አልመክርም። ኅብረት ባንክ በእንግሊዝኛ ዩናይትድ ባንክ እየተባለ ለዓመታት ሠርቶ፣ ኋላ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ኅብረት መባልን መርጧል። ትርጉም ሌላ ስም ነው፤ ሁለት ስም ማሳደግ ደግሞ እጥፍ ወጪ ነው።

6. ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ ያጣሩ

አሁን ሦስት ወይም አራት ስም ቀርቶልዎታል። አንድ ብቻ ይዘው ወደ ቢሮ አይሂዱ፤ ተይዟል ቢባሉ እዚያው ቆመው ሌላ ይፈጥራሉ፤ ይህን ሁሉ የለፉትም ያን ላለማድረግ ነው።

ስለ ንግድ ምዝገባና ፈቃድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 980/2008 (በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 ከተደረገለት ማሻሻያ ጋር) ቀድሞ ከተመዘገበ የንግድ ስም ጋር አንድ የሆነን ወይም በሚያሳስት ሁኔታ የሚመሳሰልን ስም አይመዘግብም። «የሚመሳሰል» የሚለው ቃል ትኩረት ይፈልጋል። አንድ ፊደል መለወጥ ወይም «አዲሱ» የሚል መጨመር አያድንም።

ፍለጋውን በአራት ቦታ ያድርጉ። በመጀመሪያ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ወይም በአቅራቢያዎ ባለው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ስሙ ነጻ መሆኑን ይጠይቁ። ሁለተኛ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ ተመሳሳይ ስም መኖሩን ያስፈትሹ፤ ሁለቱ መዝገቦች የተለያዩ ናቸው። ሦስተኛ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ጉግል ላይ በሁለቱም ፊደል ይፈልጉ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ በእግር ገበያ መግባት። ሳይመዘገብ ለዓመታት በአንድ ስም የሚጠራ ወፍጮ ቤት ወይም መደብር ሊኖር ይችላል። ሕጉ ምንም ይበል፣ የሞጣን ሰው ከሞጣ ሰው ጋር ማጣላት ለአዲስ ንግድ ጥሩ አጀማመር አይደለም።

የድረ ገጽ አድራሻ ነጻ ከሆነ ያኑ ዕለት ይያዙት። ነጥብ ኢቲ የሚለው የአገራችን አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይገኛል።

7. ይወስኑ

ከሁለት ስም በላይ ይዞ ድምፅ መስጠት አይጠቅምም። ስሞቹን በትልቁ ጽፈው ስብሰባ የምታደርጉበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለሁለት ሳምንት ይለጥፏቸው። በሁለቱም ስም ስልክ ሲያነሡ ምን እንደሚመስል ይሞክሩ፦ «ሄሎ፣ ላይዳ ነው፣ ምን ልታዘዝ?» ከረጢት ላይ ይሣሉት፤ ከሩቅ ይነበባል? በአንድ ቀለም ቢታተም ይለያል? በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ መሥራች ምርጫውን በጽሑፍ ይስጥ፤ ትልቁ ባለድርሻ መጨረሻ ላይ ይናገር። እርሱ ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ደግሞ ቆይቶ ቅሬታ ሆኖ ይወጣል።

«ላይዳ»ን የከተማ ወጣት ላያውቀው ይችላል የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እኔ ይህን እንደ ጥቅም አየዋለሁ። የማያውቀው ሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም «ገበሬው ፍሬውን ከገለባ የሚለይበት የእንጨት መሣሪያ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ንጹሕ ጤፍ ለሚሸጥ ኩባንያ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። (ይህን ስም ለምሳሌ ነው ያነሣሁት፤ የወደደው ሰው በደረጃ 6 አጣርቶ ይነሣ።)

8. በሕግ ያጽኑት

ስሙ ነጻ መሆኑ ሳይረጋገጥ የመመሥረቻ ጽሑፍ አያስፈርሙ፣ ማኅተም አያስቀርጹ፣ ከረጢት አያሳትሙ። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ከስሙ ጋር የድርጅቱ ዓይነት ተያይዞ ይጻፋል፦ «አክሲዮን ማኅበር» ወይም «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር»። ስለዚህ ረጅም ስም የመረጠ ሰው ሰሌዳው ላይ ሙሉ አንቀጽ ይሸከማል፤ አጭር ስም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የንግድ ስም ድርጅቱ በውል፣ በግብርና በፍርድ ቤት የሚጠራበት ነው። የንግድ ምልክት ከረጢቱ ላይ ያለው ስምና ሥዕል ነው፤ የሌላው ነጋዴ ጤፍ ከእርስዎ ጤፍ የሚለይበት። የመጀመሪያውን አስመዝግበው ሁለተኛውን ከተዉት፣ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ከረጢቱ ላይ አትሞ በምልክትነት ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ያኔ በገዛ ስምዎ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል። ጥበቃው የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ውስጥ ነው፤ ወደ ሱዳን ወይም ወደ አውሮፓ የሚልክ ሰው እዚያም ማስመዝገብ አለበት።

ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚጠራጠር ካለ የቡናውን ታሪክ ያስታውስ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያ ሁሉ ድካም ስለ ቡናው ጣዕም አልነበረም፤ ስለ ስሙ ባለቤትነት ነበር። የዘጌ ቡናና የጎጃም ማር ያላቸው ሰዎች ይህን በደንብ ቢያጤኑት እወዳለሁ።

የመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠበቃዎን ይጠይቁ፦ ስሙና ምልክቱ የማኅበሩ ንብረት መሆናቸውን፣ የሚወጣ አባል ይዟቸው እንደማይወጣ፣ በተመሳሳይ ስም ሌላ ድርጅት እንደማይከፍት። ወዳጅነት ባለበት ሰዓት ይህን መጻፍ ቀላል ነው።

9. ስሙን ይጠብቁት

ስም በጣም ሲሳካለትም ይጠፋል። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ ሕፃን ልጅ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲያይ ሃይላንድ ይላል። ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ በባሕር ዳርም ሆነ በዳንግላ ግን ማንኛዋም ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ናት። አስፕሪን በአሜሪካ የባየር ኩባንያ ምልክትነቱን ያጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰው ሁሉ ቃሉን የመድኃኒቱ መጠሪያ አደረገው።

ይህ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ አለ፤ ልማዱ ግን ከመጀመሪያው ይያዝ። ስሙን ብቻውን የዕቃው ስም አድርገው አይጠቀሙበት፤ «ላይዳ ጤፍ»፣ «ላይዳ ሽሮ» ይበሉ። በየከረጢቱ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ቀለም ይታተም። አስመስሎ የሚያትም ካገኙ ፎቶ አንሥተው፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግበው፣ መጀመሪያ በሽማግሌ፣ ካልሆነም በደብዳቤ ያሳውቁ፤ ዝም የተባለ ማስመሰል ኋላ ላይ በክርክር እንደ ፈቃድ ይነሣብዎታል። የምልክቱን ምስክር ወረቀት ዋና ቅጂ በካዝና ያስቀምጡ፤ የሚታደስበትን ቀን ሒሳብ ሹሙም ሥራ አስኪያጁም በየመዝገባቸው ይጻፉት፣ ማመልከቻውንም ጊዜው ከማለፉ ከጥቂት ወራት በፊት ያዘጋጁ።